ራኖክ ሙር ላይ ዛፍ ይተከል ወይስ አይተከል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ነው። ባለፈው መጋቢት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በባቡር ወደ ፎርት ዊሊያም ስንሄድ ራኖክ ሙር የሚባለውን ቦታ አቋረጥን። ዓይን እስኪታክት ቡናማ ሣር፣ ጥቁር ኩሬና ድንጋይ ብቻ ነው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ‹የሰው እጅ ያልነካው ምድር ነው› አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ ኮረብታ ላይ ሰዎች ሆን ብለው እሳት ሲለኩሱ አየሁ። እኔ ያደግሁት መንዝ ነው። በእኛ አገር እንዲህ የተራቆተ መሬት ሲገኝ ችግኝ ይተከልበታል እንጂ አይቃጠልም። እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ ገንዘብ ይዘው ለምን ደን አያለብሱትም? ደግሞስ በሰመር ዕረፍት ልጆቹን ይዤ (9 እና 12 ዓመታቸው ነው) ከራኖክ ጣቢያ ተነስቼ በእግር ባቋርጠው ምን ችግር አለው?»

ምላሽ፦

መሬቱ የተራቆተ አይደለም፤ ከዚህ ካልጀመርን ቀሪው ሁሉ ይጣመማል። የተራቆተ የሚባለው አፈሩ የታጠበ፣ የሚሸፍነው ተክል ያጣ መሬት ነው። ራኖክ ሙር ግን ከድንጋዩና ከውሃው በቀር ተክል ያልሸፈነው ቦታ የለውም ማለት ይቻላል፤ አፈሩም በብዙ ቦታ ከሰው ቁመት ይጠልቃል። የጎደለው ዛፍ ብቻ ነው። ዛፍ የሌለው ሁሉ የተራቆተ ከሆነ የመንዙ ጓሳም የተራቆተ ሊባል ነው። ጓሳን ደግሞ የአገሬው ሰው በራሱ ሕግ ለዘመናት ያቆየው ሣሩን፣ ምንጩንና ግጦሹን ብሎ እንጂ አንድ ቀን ደን ይሆናል ብሎ አልነበረም። ሽማግሌው «የሰው እጅ ያልነካው» ያሉትም ልክ አይደለም። የመትከሉ ጥያቄ የሚፈታው ሁለቱም ስህተቶች ከተቃኑ በኋላ ስለሆነ ትንሽ ዞር ብዬ ልምጣ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራኖክ ሙር (ሙር ማለት ዛፍ የሌለው ክፍት ምድር ነው) 130 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ዙሪያውን ተራራ የከበበው ጎድጓዳ ሜዳ ነው። ከሥሩ ያለው ግራናይት ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ውሃ በቀላሉ አያሰርግም። ቦታውን አሁን ባለው መልኩ የቀረጸው ግን በረዶ ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን አለቀ ሲባል፣ ከዛሬ 12,900 እስከ 11,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ብርዱ ድንገት ተመልሶ መጣ። ያኔ በምዕራብ ስኮትላንድ ተራሮች ላይ የተከመረው የበረዶ ክዳን መሐሉ እዚሁ ራኖክ ላይ ነበር። ከዚህ ተነስቶ በየሸለቆው ወደ ውጭ ተንሸራተተ፤ ሲቀልጥም ያግበሰበሰውን ድንጋይና ደለል ጉብታ ጉብታ አድርጎ ጥሎት ሄደ። በጉብታዎቹ መካከል ውሃ ተኛ። ሎክ ባና ሎክ ሌይደን የሚባሉት ሐይቆች እንዲሁም ከባቡር መስኮት የሚታዩት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ኩሬዎች የዚያ ቅሪት ናቸው። ውሃው ወደ ሁለት ባሕር ይከፈላል፤ የሎክ ባ ውሃ በሎክ ሌይደንና በሎክ ራኖክ አልፎ በቴይ ወንዝ ወደ ሰሜን ባሕር ይወርዳል፣ በምዕራብ ዳርቻ የወደቀው ዝናብ ደግሞ በኤቲቭ ወንዝ ወደ አትላንቲክ።

አዲስ አበባ ላይ አብዛኛው ዝናብ በክረምት ወርዶ ቀሪውን ዓመት ፀሐይ ታደርቀዋለች። እዚህ ከአትላንቲክ የሚመጣው ዝናብ ወር አይመርጥም፤ ብርዱም ትነቱን ያዘገየዋል። ስለዚህ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ እንደራሰ ነው። በዚህ እርጥበት ላይ የነገሠው ስፋግነም የሚባል ሥር የሌለው ሞስ፣ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ለስላሳ ትንሽ ተክል ነው። ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውሃ ይይዛል። ከውሃው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ማዕድን እየለቀመ በምትኩ የሃይድሮጅን አዮን ስለሚለቅ ውሃውን ያኮመጥጠዋል። ውሃው የቆመ፣ ኮምጣጣና ኦክስጅን ያጣ ሲሆን የሞተ ተክል በወጉ አይበሰብስም። ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ አየር ሳያገኝ ለዓመታት ሳይበላሽ እንደሚቆየው ማለት ነው። እንዲህ ሳይበሰብስ የተደራረበው ጥቁር ቡናማ ቅሪት ፒት ይባላል። የሚያድገው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሜትር ፒት የሺህ ዓመት ሥራ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ በአካፋ የተቆፈረ ቦይ ለስንት ትውልድ እንደሚተርፍ ከዚህ ያሰሉት። በስኮትላንድ ፒት ውስጥ ታምቆ ያለው ካርቦን 1.6 ቢሊዮን ቶን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

እንዲህ ባለ ቦታ ዛፍ ሥሩ ይታፈናል፣ ምግብም አያገኝም። ናይትሮጅኑ እጅግ ከማነሱ የተነሳ ሰንዲው የምትባለው ትንሽ ቀይ ተክል የጎደለውን የምትሞላው በሚያጣብቁ ቅጠሎቿ ነፍሳትን አጥምዳ በመብላት ነው። እዚያ የደላቸው ሌሎች ናቸው፦ ጥጥ ሣር፣ ቦግ ሚርትል የሚባለው መዓዛማ ቁጥቋጦ፣ ደረቅ ሲል ደግሞ ሄዘር የሚባለው አጭር ቁጥቋጦ። እርጥቡን መሬት ከሚወዱት የሄዘር ዓይነቶች አንዷ የኛ አስታ የቅርብ ዘመድ ናት፤ ሁለቱም ኤሪካ በሚባለው ወገን ውስጥ ናቸው። በባሌና በሰሜን ተራሮች ዛፍ የሚሆነው ወገን እዚህ ከጉልበት አያልፍም። ራኖክ ራሽ የሚባል ከሩቅ ተራ ሣር የሚመስል ተክልም አለ። ቀድሞ በሌሎች የብሪታንያ ረግረጎችም ይገኝ ነበር፤ ረግረጎቹ እየደረቁ ሲሄዱ ከዚያ ሁሉ ጠፍቶ ዛሬ በአገሪቱ የቀረው ራኖክ ላይ ብቻ ነው። ችግኝ ልትተክል መጥታ እርጥቡን ያደረቀች እጅ ቀድማ የምትገድለው እሱን ነው።

«ግን ድሮስ ዛፍ አልነበረም?» ማለትዎ አይቀርም። ነበር። ፒቱ በተሸረሸረበት ጠርዝና በኩሬዎቹ ዳር ከነሥሩ የቆመ የጥድ ጉቶ ይወጣል፤ እንጨቱ ጠንክሮ፣ ቀለሙ እንደ አጥንት ነጥቶ። ከእነዚህ ጉቶዎች ብዙዎቹ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። አየሩ ለተወሰነ ጊዜ ደረቅ ሲል ጥዱ ረግረጉ ላይ ወጣ፤ እርጥበቱ ሲመለስ ፒቱ ዋጠው። ስኮትላንድ ዳር እስከ ዳር ደን ነበረች፣ ሮማውያን አቃጠሉት፣ እንግሊዛውያን ብረት አቅላጮች ጨረሱት የሚለው ትረካ በጣም ተወዳጅ ነው፤ ፒቱ ግን አይመሰክርለትም። በየንብርብሩ ተጠብቆ የቆየው የአበባ ብናኝ እንደሚያሳየው ጥዱ ከእነዚህ ረግረጎች የሸሸው ሮማውያን ወደ ስኮትላንድ ከመምጣታቸው ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ከ1753 እስከ 1876 የሠራው የቦናው የብረት ማቅለጫ እንኳ ከሰሉን የሚያገኘው በአብዛኛው እየተቆረጠ መልሶ ከሚያቆጠቁጥ ኦክ ከሚባል ዛፍ ደን ነበር፤ ደኑ ቢጠፋ ምድጃውም ይጠፋ ነበርና ይንከባከቡት ነበር።

የረግረጉ ታሪክ ይህ ነው። የዳገቱ ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ ሽማግሌው የሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በሜዳው ዙሪያ ያሉት ተዳፋቶች ውሃ ስለማይቋጥሩ ዛፍ ማብቀል ይችላሉ። በሎክ ራኖክ ደቡባዊ ዳርቻ ያለው ብላክ ዉድ የዚያ ምስክር ነው፤ ከጥንቱ የጥድ ደን ከተረፉት ትልልቅ ቁራጮች አንዱ ነው። ሌላውን ተዳፋት ሰው በእሳትና በከብት ለብዙ ሺህ ዓመት ሲያሳሳው ኖረ። የአካባቢው ሰው በሰመር ከብቱን ወደ ተራራ ግጦሽ አውጥቶ በድንጋይና በሣር ጎጆ እየከረመ ወተቱን ይንጥ ነበር። ጃኮባይቶች የተባሉት ወገኖች የወረደውን የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤት ለመመለስ ካነሱት የ1745 እና 46ቱ አመጽ በኋላ የጎሣ አለቆቹ ሥልጣን ሲሰበርና መሬቱ ገቢ ማምጫ ሲሆን ሰው ከብዙ ሸለቆ እየተነቀለ በግ ገባበት። የበግ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ባለጸጎች መሬቱን ለአጋዘን አደን ያዙት። ተኩላ ቀድሞ ጠፍቷል፤ የአጋዘኑን ቁጥር የሚቆርጠው ጠመንጃ ብቻ ሆነ፣ ባለርስቱ ደግሞ ብዙ አጋዘን ማየት ይፈልጋል። ዛሬ በስኮትላንድ ያሉት የአጋዘን ዝርያዎች ሁሉ ቢደመሩ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታሉ። ከመሬት ብቅ ያለች የበርች ወይም የጥድ ቡቃያ በክረምት ከበረዶው በላይ የምትታይ ብቸኛ አረንጓዴ ነገር ናት። ትበላለች።

በሜዳው ላይ የሰው እጅ እንዳረፈ ማየት ከፈለጉ ደግሞ ብዙ አይደክሙም። ከአመጹ በኋላ አካባቢውን እንዲጠብቁ የተላኩ ወታደሮች ረግረጉን አድርቀው ለእርሻ ሊያደርጉት ቦይ ቆፍረው ነበር። አልሆነላቸውም፤ ቦዮቹ ግን በራኖክ ጣቢያ አካባቢ እስካሁን ይታያሉ። የከብት ነጋዴዎች ከምዕራቡ ዳርቻና ከደሴቶቹ የገዙትን መንጋ እየነዱ በምዕራብ ጠርዙ በኩል ወደ ፎልከርክ ገበያ ያልፉ ነበር። እርስዎ የሄዱበት የባቡር ሐዲድ በ1894 ሲከፈት ጠንካራ መሬት ስላልተገኘለት ጭራሮ፣ የዛፍ ሥር፣ አፈርና አመድ እየተነጠፈ በዚያ ላይ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ገንዘቡ አልቆ ሥራው ሊቆም ሲል ከዳይሬክተሮቹ አንዱ የነበረው ሬንተን ከራሱ ኪስ አወጣ፤ ሠራተኞቹም ምስሉን ከአንድ ቋጥኝ ላይ ፈልፍለው ራኖክ ጣቢያ አቆሙለት፣ አሁንም አለ። በሰሜን በኩል ያለው የብላክዎተር ግድብ በ1909 ያለቀው ለኪንሎክሌቨን የአሉሚኒየም ፋብሪካ ኃይል ለመስጠት ነው፤ የሙሩን ሰሜናዊ ጫፍ ውሃ አስተኝቶበታል። በግድቡ ሥራ ላይ የሞቱት የቀን ሠራተኞች መቃብርም እዚያው ነው።

እንግዲህ ሁለት መሬት አለ፦ ጥልቅ ፒት የተኛበት ሜዳና ቀጭን አፈር ያለው ዳገት። ከባቡር ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ሜዳው ላይ ዛፍ መትከል ምን እንደሚያመጣ መገመት አያስፈልግም፤ ተሞክሯል። በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኬትነስና በሰዘርላንድ፣ ፍሎው ካንትሪ የሚባል ከራኖክ እጅግ የሚሰፋ ረግረግ አለ። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ለደን ባለሀብቶች የግብር ቅናሽ ተሰጥቶ ፒቱ በትራክተር ታረሰ፣ ቦይ ወጣለት፣ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ሲትካ ስፕሩስ በማዳበሪያ ተተከለ። ባሕር ዛፍ ምንጭ አጠገብ ሲተከል ምን እንደሚያደርግ ለመንዝ ሰው አልነግርም። ፒቱ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ ኦክስጅን ሲገባበት ለሺህ ዓመታት ያቆየውን ካርቦን መልቀቅ ጀመረ። መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩት የረግረግ ወፎችም ለቀበሮና ለቁራ መደበቂያ ከሆነው ደን ዳር ሸሹ። ዛፉ ራሱ ብዙ ቦታ ላይ ለጣውላ የሚሆን አልሆነም። የግብር ቅናሹ በ1988 ተነሳ። የብሪታንያ የወፎች ጥበቃ ማኅበር በ1995 ፎርሲናርድ የሚባለውን ርስት ገዝቶ ዛፉን እየቆረጠ፣ ቦዩን እየደፈነ ውሃውን መመለስ ያዘ። በ2024 ፍሎው ካንትሪ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ለመትከል አንዴ፣ ለመንቀል ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ወጣ ማለት ነው። ዛሬ በስኮትላንድ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ፒት ባለበት አዲስ ደን እንዳይተከል የሚከለክለው መመሪያ ከዚህ ትምህርት የመጣ ነው።

ስለዚህ «ለምን አይተክሉም?» ለሚለው መልሱ ሜዳው ላይ መትከል ጥፋት ስለሆነ ነው። ገንዘቡም እየወጣ ነው፤ ግን ለሌላ ሥራ። የስኮትላንድ መንግሥት በ2020 ለአሥር ዓመት 250 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ እስከ 2030 ድረስ 250,000 ሄክታር ፒት እንዲያገግም አቅዷል። ሥራው ቦይ በፒት ግድብ መድፈን፣ የተሸረሸረውን ጠርዝ ማስተኛትና ውሃውን መልሶ ማቆም ነው። ገደብ አለው፦ እንደገና የራሰ ፒት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ይለቃል፣ ስፋግነሙም በአንድ ሰሞን አይመለስም። እንዲያም ሆኖ ደርቆ ከሚነድ ፒት ይሻላል።

ዳገቱ ላይ ደግሞ ከችግኝ በፊት የሚያስፈልገው አጋዘን መቀነስ ነው። ከራኖክ በስተሰሜን ያለው ክሬግ ሜጊ የተባለ ተራራ በ1985 በመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ ተቋም ተገዛ። ከዚያ በፊት የንግድ ደን ሊተከልበት ታስቦ ነበር። ተቋሙ በጉን አስወጣ፣ አጋዘኑን በየዓመቱ እየተኮሰ ቁጥሩን አወረደ፤ ረጅም የአጋዘን አጥር አላጠረም፣ ችግኝም ተሸክሞ አልወጣም። በርቹ በራሱ ዘር ወደ ላይ ወጣ፤ ዛሬ ሸለቆው ደን ነው። ይህ ሁሉም ቦታ ይሠራል አልልም። ዘር የሚጥል እናት ዛፍ በቅርብ ከሌለ መጠበቅ ብቻውን አያበቅልም፤ እዚያ የአገሬውን ጥድ፣ በርችና ሮዋን መትከል ግድ ይሆናል። አጋዘንም የርስት ድንበር አያውቅም፤ ጎረቤቱ ካልተስማማ ያንዱ ጥረት ከንቱ ነው። የአደን ሥራ እንጀራቸው የሆነ ቤተሰቦች ቅሬታም ቀልድ አይደለም፤ ከተሜ የተፈጥሮ ወዳጆች ይህን አቃልለው ሲያዩ አልወድላቸውም። አቋሜን ከጠየቁኝ ግን ግልጽ ነው፦ ሜዳውን ማርጠብ፣ ዳገቱን ከአጋዘን ጥርስ ማሳረፍ፣ ችግኝ መትከልን ደግሞ ዘር ለጠፋበት ቦታ ብቻ መተው።

እሳቱን በተመለከተ፣ መጋቢት ላይ ያዩት ነገር ሕጋዊ ወቅቱን የጠበቀ ሊሆን ይችላል። የሄዘር ማቃጠል የቆየ ሥራ ነው። በምዕራቡ በኩል የሚቃጠለው በአብዛኛው ለበግና ለአጋዘን ለጋ ግጦሽ እንዲወጣ ነው፤ በምሥራቁ ደግሞ ለቀይ ግራውስ፣ ቆቅ ለሚያህለው ወፍ። ግራውስ የሚበላው ለጋ የሄዘር ቀንበጥ ስለሆነና የሚደበቀው አሮጌው ሥር ስለሆነ፣ የአደን ሜዳ ጠባቂዎች በየዓመቱ ቁራጭ ቁራጭ እያቃጠሉ ኮረብታውን ዥጉርጉር ያደርጉታል። የተኩሱ ወቅት ከኦገስት 12 እስከ ዲሴምበር 10 ነው፤ ገንዘቡም ከዚያ ነው የሚመጣው። ደረቅ፣ ቀጭን አፈር ላይ ነፋሱ ታይቶ በፍጥነት የሚያልፍ እሳት ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችላል። ፒት ላይ ግን እሳት ወደ ታች ይገባል፤ ከላይ ጠፍቶ ከሥር ለሳምንታት ይጨሳል። በ2024 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ ማቃጠልን ከፈቃድ ጋር አስሯል። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ፒት ላይ ደግሞ ለግራውስ ሲባል ፈቃድ አይሰጥም፤ ተፈጥሮን ለመመለስ፣ የሰደድ እሳትን ለመከላከል ወይም ለምርምር ካልሆነ በቀር። እኔ ከዚህም ጠበቅ ቢል ደስ ይለኛል።

ወደ ጉዞዎ ልምጣ። በ1889 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ለባቡር መንገዱ የሚሆነውን መሬት ለማየት ሰባት ሰዎች ሙሩን በእግር ሊያቋርጡ ተነሱ፤ መሐንዲሶች፣ ጠበቃ፣ የርስት አስተዳዳሪዎች፣ እንዲሁም ሥራ ተቋራጩ ሮበርት ማክአልፓይን። የከተማ ልብስና ጫማ አድርገው፣ ጃንጥላ ይዘው ነበር። ጨለመባቸው፣ ተበታተኑ፣ ከመካከላቸው ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ወድቆ ራሱን ሳተ። ያገኟቸው እረኞች ናቸው። በማግስቱ የመጣው የበረዶ ውሽንፍር አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን ኖሮ የሚተርፍ አልነበረም። ሰመር ላይ በረዶ አያገኝዎትም፤ መሬቱ ግን ያው ነው። ከራኖክ ጣቢያ በምዕራብ ጠርዝ እስካለው ኪንግስሃውስ ሆቴል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በተተከለ ደን ጥግ ከጀመረ በኋላ ለረጅም ርቀት እግር የሚውጥ ጭቃ ነው፣ መጠለያ የለውም፣ የስልክ ኔትወርክም በብዙ ቦታ አይያዝም። ጭጋግ ሲወርድ ሁሉም ጉብታ አንድ ይሆናል። ከመንገዱ ወጥቶ ማቋረጥማ ኩሬና ረግረግ እያስዞረ ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል። አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ለስላሳ ምንጣፍ ካዩ አይርገጡት፤ ስፋግነም የሸፈነው ውሃ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ይዘው አይሂዱ። ሕጉ አይከለክልዎትም፤ በ2003ቱ የመሬት ሕግ መሠረት ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተራመደ ድረስ የመሄድ መብት አለው። የምከለክልዎ እኔ ነኝ።

በምትኩ ይህን ያድርጉ፦ ራኖክ ላይ ሳይወርዱ ቀጣዩ ጣቢያ ኮሩር ድረስ ይሂዱ። ከባሕር ወለል በ408 ሜትር ላይ ያለ፣ የሕዝብ መኪና መንገድ የማይደርስበት ጣቢያ ነው። ከዚያ በጠጠር መንገድ 1.6 ኪሎ ሜትር ሲራመዱ ሎክ ኦሲያን ይደርሳሉ። ልጆቹ ከበረቱ ሐይቁን ዞሮ መመለስ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ካልሆነ ዳር ላይ ተቀምጦ መብላትና መመለስ በቂ ነው። ይህን ቦታ የመረጥኩት ለምቾቱ ብቻ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የርስቱ ባለቤት የነበረው ሰር ጆን ስተርሊንግ ማክስዌል ጥልቅ ፒት ላይ ዛፍ የመትከል ሙከራ ያደረገው እዚሁ ነው። በሐይቁ ዳር የቆመው የሱ ደን፣ ጀርባዎን ሲያዞሩ ደግሞ ክፍቱ ሙር ይታያል፤ ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዩታል። ባቡሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍ የመመለሻውን ሰዓት ሳይዙ ከጣቢያው አይራቁ፤ በሐዲዱ ላይም አይራመዱ።

ጊዜውን ደግሞ ከሰመር ዕረፍት ወደ ሜይ መጨረሻ ይመልሱት። ጥጥ ሣሩ የሚነጣው ያኔ ነው፣ ጥቁር ጉሮሮ ያለው ዳይቨር የሚባል የውሃ ወፍ ሐይቁ ላይ ይሆናል፣ ኩኩዋም ትጮሃለች። ቀና ካሉ በባሌ ተራሮች ላይም የሚራባው ወርቃማው ንስር ሊያጋጥምዎት ይችላል። ጁላይና ኦገስት ሄዘሩ ሐምራዊ ይሆናል፤ ነገር ግን ሚጅ የምትባለው ጥቃቅን ነካሽ ዝንብ ነፋስ በሌለበት ቀን ልጅ ታስለቅሳለች። ከኦገስት በኋላ ደግሞ የአጋዘን አደኑ ስለሚበረታ ከመንገድ ባይወጡ ይሻላል። ሜይ ላይ ወፎች መሬት ላይ ዕንቁላል ታቅፈው ስለሆነ ያኔም መንገዱን አይልቀቁ፤ ውሻ ካለ ይታሰር። እሳት በምንም ምክንያት አያንድዱ፤ ቡና ካማራችሁ በፔርሙዝ ይዛችሁ ሂዱ።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ስለ መዥገር ነው። አጋዘን ባለበት ሁሉ መዥገር አለ፤ ላይም የሚባል በሽታም ሊያስተላልፍ ይችላል። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፣ ማታ ቤት ስትገቡ የልጆቹን ብብት፣ ከጉልበት ጀርባና የፀጉር ሥር እዩ። ተጣብቆ ካገኛችሁ በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት፤ ቅቤም፣ ቫዝሊንም፣ ክብሪትም አያስፈልገውም። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሽፍታ ቢወጣ ወዲያው ጂፒ (የሠፈር ሐኪማችሁ) ዘንድ ሂዱ። በጤና ገጾች ላይ የሚታዩት ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ናቸው፤ በእኛ ቆዳ ላይ ቀይነቱ ደብዝዞ ሐምራዊ ወይም ቡናማ መስሎ ሊታይ፣ ጨርሶም ላይታይ ስለሚችል ሽፍታ ባታዩም ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም የመጣበት ልጅ ካለ መዥገር ያለበት ቦታ ሄዶ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት።